የሰሜኑ ትምህርት ቤት ኮት

ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የሮጠችው። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው፤ የባሏ ድርጅት ቢሮ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ከስፌት ቤቱ እስከ ቢሮው ደግሞ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ታክሲ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቶ አለፋት። ከዚያ በኋላ ሰው ምን ይለኛል ሳትል በመንገዱ ዳር ሮጠች። በሩ ላይ ጥበቃው ያዛትና መታወቂያ አላት። ቦርሳዋን ስትበረብር መቀስ ወጣ፣ የክር ጥቅል ወጣ፣ የጠመኔ ስባሪ ወጣ፣ መታወቂያ የለም። ጥበቃው አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አይቶ፣ ማንን ልትለኪ ነው የመጣሽው ብሎ ሳቀና አሳለፋት።

ፎቅ ላይ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አጥፍታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ቅጹን ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ሴትየዋን አየቻት።

«ደቡብ ነው ያልሽው?»

«ደቡብ።»

«እህቴ፣ ይሄ አንዴ ከገባ አይቀየርም። ቤት የሚከራዩትም፣ ለትምህርት ቤቱ የሚከፍሉትም በዚህ ወረቀት ነው። ባልሽ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለች። አያውቅም።

ጸሐፊዋ ማህተሙን መታችበት። ደረጃውን በግድግዳው ተደግፋ ወረደች። ሮጬ ስለመጣሁ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ባሏ የክሬን መካኒክ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ከሰባት ወር በፊት ወደ ውጭ አገር ወሰደውና፣ ቤተሰብህንም አምጣ፣ ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም እኛ እንችላለን አለው። ድርጅቱ እዚያ አገር ሁለት የሥራ ቦታ አለው፤ አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ። በመካከላቸው የአንድ ቀን መንገድ አለ። መካኒኩ የሚመደበው ቤተሰቡ በቅጹ በመረጠው ቦታ ነው፤ ለእሱ የትም ቢሆን ያው ነው፣ ክሬን ክሬን ነው። ለልጆቹ ግን ያው አይደለም።

ልጆቿ ሁለት ናቸው። ትልቁ ወንድ ነው፣ አስራ ስድስት ዓመቱ። ትንሿ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከሄደ ወዲህ አፏ ተዘግቷል። እንዳልታመመች ሐኪሙም ተናግሯል፤ ብቻ አትናገርም። እናቷን በራስ ንቅናቄ ነው የምትመልስላት። የምትናገረው ለወንድሟ ብቻ ነው፣ እሱም በጆሮው፣ በሹክሹክታ። ዳቦ ቤት ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፤ ትነግረዋለች፣ እሱ ለባለ ዳቦው ይነግራል። ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሯ አንድ ነገር ስትጠይቃት ወንድሟን ከክፍሉ ያስጠሩታል። የሰፈሩ ልጆች አፈ ጉባኤ የሚል ስም አወጡለት። መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አሁን አሁን ሲጠሩት ዞር አይልም።

የሰሜኑ ትምህርት ቤት ትልቅ ነው። ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በተማረው ቋንቋ ነው የሚያስተምሩት፤ ከክፍሉ ሳይወርድ ይገባል፣ በሁለት ዓመት ይጨርሳል፣ ወረቀቱን የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ግን አርባ ልጅ ነው። የደቡቡ ትንሽ ነው፤ በክፍል አስራ ሁለት ልጅ። ቋንቋው ሌላ ነው። ልጁን ሁለት ክፍል ወደኋላ እንመልሰዋለን ብለዋል፤ ከአስራ አራት ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል ማለት ነው።

እንግዲህ የትኛው? ባሏን ጠየቀችው።

«ልጆቹ አንቺ ጋ ናቸው፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ።

እሱ እንዲህ ነው። የቤቱ ግድግዳ ሲቀባም አንቺ ምረጪ አለ፤ ቀለሙ ሲላጥ ያንቺ ምርጫ ነው አለ። አሁንም ሸክሙን አራግፎባት ስልኩን ዘጋ። እሷ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል የወጣች ሴት ናት። አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ስጧትና ምን እንደሚወጣው ሳትለካ ትነግራችኋለች። ትምህርት ቤት ምረጪ ሲሏት ግን እጅና እግሯ ታሰረ።

የትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤዎች ሁለቱም ልጁ በሚማርበት ባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ልጁ ነው እያነበበ የሚተረጉምላት። የሰሜኑን ሲያነብ ድምፁ ይሞቃል፤ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አንድ አይቀረውም። የደቡቡን ሲያነብ ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ይሮጥበታል። ጠርጥራ ደብዳቤውን ከልጁ ደብቃ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ወሰደችውና ለጸሐፊዋ አስነበበችው። ለካ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ መናገር ለሚፈሩ ልጆች ብቻ የተቀጠረች አንዲት መምህርት አለችን ይላል። ማታ ለልጁ ስትነግረው ጆሮው ቀላ።

«ዘልዬው ነው» አለ።

እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ምን ትበለው? አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መሄድ ይፈልጋል፣ ሕልሙን በአንድ አንቀጽ ማን ያስበላል?

የምታማክረው ሰው አጣች። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ስፌት ቤቱ ውስጥ ስድስት ሴቶች ናቸው፤ ግን ስድስት መኪና በአንድ ላይ ሲጮህ ከጎን ያለውን አትሰሚም። ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል ተቀምጠሽ ብቻሽን ነሽ። ቤት ስትገባ ደግሞ አንዱ ልጅ መጽሐፍ ላይ ተደፍቷል፣ አንዷ አትናገርም። የአልጋውን ግማሽ፣ ባዶውን ላለማየት፣ የተረፈ ጨርቅ ቆልላበታለች። አንዳንዴ ሌሊት ስትገላበጥ እጇ ጨርቁን ይነካዋል፤ ሰው ነው ብላ ትነቃለች።

ከሁሉም የምትቀርባት ቁልፍ የምትተክለዋ ሴትዮ ናት፤ በዕድሜ ትበልጣታለች፣ እትዬ ነው የምትላት። ሻይ እየጠጡ ነገረቻት። እትዬ አላመነታችም።

«ወንድ ልጅ ከሕፃን ጋር ተመልሶ ሲቀመጥ ሞራሉ ይሞታል፣ የኔ ልጅ። ትንሿ ትለምዳለች። ደግሞ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ምን ጎደላት?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ግን አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች።

ሁሉም ሰሜን አለ። አለቃዋ ሰሜን አለ። ከቤቷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ሰሜን አሉ፣ ያውም ሳይጠየቁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ቅጹ ላይ ግን ሁለት ባላ አይተከልም፤ አንዱን ሳጥን ብቻ ነው የምትሞላው። እሷም ሰሜን የሚለው ሳጥን ውስጥ በእርሳስ ቀጭን ራይት አደረገች። በእስክሪብቶ ማድረጉን ከቀን ቀን አሳደረችው።

ኮቱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የባሏ የሥራ ባልደረባ የነበረ ሰው፣ ውሉ አልቆ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከሰሜኑ ቦታ ተመልሷል። ሚስትየዋን ሰፈሩ ተመላሿ ነው የሚላት። ተመላሿ የልጇን የትምህርት ቤት ኮት አመጣችላት። እዚያ አዲስ መግዛት ራስ ያዞራል፣ አንቺ እጅሽ ወርቅ ነው፣ ልኩን ወስደሽ ለልጅሽ ስፊለት አለቻት። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው፣ ኮሌታው ዙሪያውን በነጭ የተዘመዘመ። ሁለት ሳምንት በፌስታል ውስጥ ከመኪናዋ አጠገብ ተንጠልጥሎ ከረመ። ሁልጊዜ ነገ እጀምረዋለሁ ትላለች።

ዛሬ ቅጹ የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ነው። እንግዲህ ሰሜን ከሆነ ሰሜን ነው ብላ በምሳ ሰዓት ኮቱን አወጣችው። ሌሎቹ ሊበሉ ወጥተዋል፣ መኪኖቹ ዝም ብለዋል። ጠመኔዋንና ካርቶኗን አዘጋጀች።

ሰፊ ሰው ልብስን በፊቱ አያየውም። ፊቱማ ለገዢ ነው። ሰፊ ይገለብጠዋል። ገለበጠችው። መጀመሪያ አደነቀች፤ ገበሩ አልተሸበሸበም፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ክሩ ወፍራም ነው። ከዚያ ኮሌታው ሥር፣ የልጁ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጣቷ ቆመ። ወፍራም ነው። አንድ ቁራጭ ጨርቅ እንዲህ አይወፍርም።

በመርፌ ጫፍ አንዱን ጎን ተረተረችው። ከሥሩ ሌላ ስም አለ። የሌላ ልጅ ስም። እሱንም ተረተረች፤ ከሱም ሥር ሌላ።

ሦስቱን ስም ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና አየቻቸው። ማንበቡ አይደለም የያዛት፣ ስፌቱ ነው። የታችኛውን ስም የሰፋችው እናት በእጇ ነው የሰፋችው፣ ጉንዳን በምታህል እርምጃ፣ አራቱንም ማዕዘን ሁለት ሁለት ጊዜ ደግማ። ልጇ ኮቱን ለብሶ የሚያድግበት መስሏት ነበር። ሁለተኛዋ በመኪና አስሮጠችው። ሦስተኛዋ፣ ተመላሿ፣ አራት ቦታ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትታዋለች። እንደማይቆይ ገብቷታል ማለት ነው። ኮቱ ደግሞ አላረጀም። ክርኑ አልሳሳም፣ ቁልፎቹ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ስልኳን አነሳችና ለተመላሿ ደወለች። ይሄ ኮት የስንት ልጅ ነው ስትላት ተመላሿ ሳቀች።

«ኧረ እሱ የተለመደ ነው። እዚያ ልጅ አይቆይም። የአባቱ ውል ያልቅና ይሄዳል፣ ኮቱን ለመጣው ይተዋል። የኔው ልጅ በሁለት ዓመት አራት የልብ ጓደኛ ሸኘ። አምስተኛውን ስሙንም አልጠየቀው።»

ሌላም ብዙ ነገር አወራች፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ወተቱ። ሰፊዋ ግን አምስተኛው ልጅ ላይ ቀርታለች። ስሙን ያልተጠየቀው ልጅ ላይ። ትንሿ አባቷ ሳይሄድ በፊት እንኳ፣ የጎረቤቷን ልጅ ለማናገር ዓመት የፈጀባት ናት። ዓመቱን ሙሉ አጠገቧ ስትቀመጥ፣ የልብስ ቁልፍ ስትሰጣት፣ ቁልፍ ስትቀበላት ከርማ፣ አንድ ቀን ነይ እንጫወት አለቻት። እዚያስ? አፏን ልትከፍት ስትል የምታናግራት ልጅ ኮቷን አውልቃ ሄዳለች። እንደገና ዓመት። እንደገና ሌላ ስም።

በእርሳስ የተደረገውን ራይት በላጲስ ፈገፈገችው፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ። ደቡብ የሚለው ሳጥን ውስጥ በእስክሪብቶ አደረገች። አለቃዋ ግን የአርባ ጉርድ ቀሚስ እጥፋት ሳያልቅ ንቅንቅ የለም አለ፤ ያንን ስትጨርስ ነው ሰዓቱ የተጣበበባትና እንደ እብድ የሮጠችው።

ከቢሮው ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቷል። ትንሿ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትደረድራለች፣ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ።

«አስገባሽው?» አለ ልጁ ቀና ሳይል።

«አስገባሁት።»

«ሰሜን ነዋ።»

ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ነገረችው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፣ ደቡብ ነው አለች። ስለ ኮቱ ነገረችው፣ ስለ ሦስቱ ስም፣ ስለ ስፌቱ፣ አራት ጓደኛ ስለሸኘው ልጅ። እስክትጨርስ አዳመጣት። እንደ አባቱ ነው፣ ሲናደድ አይጮህም። እስክሪብቶውን ከደነና ደብተሩ መሃል አስቀመጠው።

«እማ፣ የደቡቡንስ ኮት ገልብጠሽ አየሽው?»

የደቡቡን ኮት አይታው አታውቅም፤ ኮት ይልበሱ ሹራብ ይልበሱ እንኳ አታውቅም። ያም እኮ ያው ድርጅት ነው። እዚያም ያሉት አባቶች ውል አላቸው፣ እዚያም ውል ያልቃል። ይሄ ልጁ እስኪጠይቃት ድረስ በሐሳቧ አልመጣም ነበር። ሃያ ዓመት ልብስ ስትገለብጥ የኖረች ሴት፣ አንዱን ብቻ ገልብጣ በሁለቱ ላይ ፈረደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ይሄንን ነው፤ እሷ ግን የምትለቅመውም የላት፣ ማህተም ተመቶበታል።

«መምህርቷ አለች» አለች በመጨረሻ። «ለእህትህ የምትሆነዋ።»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ እንዴ የዘለልኳት?» ደብተሩን ዘጋው። «ለሷ ነው፣ ገባኝ። ሰባት ወር ሙሉ የሷ አፍ እኔ ነኝ፣ እማ። የኔንስ ማን ይናገርልኝ?»

እኔ ልትል ነበር። ግን ዛሬ ቢሮው ውስጥ፣ ስለሱ የምትናገርበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ምን እንዳለች ሁለቱም ያውቃሉ።

ትንሿ ቁልፎቿን ትታ ተነሳች። ወንድሟ ጋ ሄደችና እጅጌውን ሳበችው። ጎንበስ አለላት። በጆሮው ነገረችው፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ። እናቲቱ የልጁን ፊት አየች። የሆነ ነገር አለፈበት፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አቃታት።

«ምን አለችህ?»

«ራሷ ትንገርሽ» አለና ወጣ። እግሩ ደረጃውን ሲረግጥ ሰማችው፤ ወደ ታች አይደለም፣ ወደ ላይ፣ ልብስ ወደሚሰጣበት ሰገነት።

እሷ መሬት ላይ፣ ከትንሿ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ምን አልሽው የኔ እናት?»

ልጅቷ አየቻት። አይኖቿ የአባቷ ናቸው። ከንፈሯ ትንሽ ላላ ያለ መሰላት። ጠበቀች። ጎረቤት ቤት አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ዘጋ። ልጅቷ ዝቅ አለችና አንድ ነጭ ቁልፍ አንስታ ከቦታው አስቀመጠችው።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ባሏ ነው፣ የሚደውልበት ቀን ነው። ደህና ናችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ካለ በኋላ፣ ሰሜን ብርዱ ጀምሯል አሉ፣ ከዚያው ወፍራም ካልሲ ግዢላቸው አለ። ለካ እሱም በሆዱ ወስኖ ጨርሷል። ለካ አንቺ ምረጪ ያላት ያንኑ እንድትመርጥለት ነው።

«ደቡብ ነው ያስገባሁት» አለችው።

ከኋላው የብረት ድምፅ ይሰማል፣ የሆነ ከባድ ነገር ሲወርድ። ከዚያ ድምፁም ቆመ።

«እሺ» አለ።

በትዳር አስራ ሰባት ዓመታቸው ነው። እሺውን ታውቃለች፤ ሲስማማ የሚለውን፣ ሲሰለቸው የሚለውን፣ ቆይ እንገናኛለን የሚለውን። ይሄኛው ከየትኛውም አልገጠመላትም። ትንሿን ስጪኝ ላናግራት አለ፤ ሁልጊዜ ይላል። ስልኩን ልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገችላት። ልጅቷ አባቷ የሚለውን ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እሱ እንደማያያት እያወቀች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ይዝጋው ይጥፋ አልታወቀም።

ሻይ ጣደች። ዳቦውን ለሦስት ቆረጠችው። የልጁን ድርሻ በሰሃን ከደነችው። ሰገነቱ ላይ ነፋስ አለ፣ ሹራብ አልያዘም። ወጥታ ልትጠራው ብድግ አለችና፣ በሩ ጋ ስትደርስ ብወጣ ምን እለዋለሁ ብላ ቆመች። ይቅርታ ብትለው ቅጹ አይመለስም። ለእህትህ ስል ነው ብትለው ያውቀዋል። ደህና ትሆናለህ ብትለው ደግሞ ይሆን አይሆን በምን አውቃ ነው?

እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነው። ወጥታ ትጥራው፣ ወይስ ትተወውና ራሱ ይውረድ፣ አታውቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም አታውቅም።